የእንጆሪው ትል

ጣሊያናዊው ኮሎኔል ማንኪያውን ወደ አፉ ሲያቀርብ ትሉ ቀና አለ። ከስንዴ ቅንጣት ያነሰ ነጭ ትል ነው፤ በቀዩ ጭማቂ ላይ ግማሽ ገላውን አንሥቶ፣ መንገድ እንደጠፋው ሁሉ፣ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘ። ወጥ ቤቷ አልጣሽ የሳህን መጥረጊያ ጨርቅ ይዛ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበርና ከኮሎኔሉ ቀድማ አየችው። ኮሎኔሉ ማንኪያውን ከከንፈሩ አራቀ፣ አተኩሮ አየው፣ ከዚያም የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ ይመስል በቀስታ በጠረጴዛው ልብስ ላይ አኖረው። ጋባዡ ካፒቴን የብርጭቆውን ጎድጓዳ ሳህን ወደ ራሱ ሳበ። በወይን ጠጁና በስኳሩ መካከል የነበረው ትል አንድ ብቻ አልነበረም። ዐሥር፣ ሃያ፣ ከዚያም በላይ ነው፤ ገሚሱ ሞቶ ተንሳፍፏል፣ ገሚሱ ከእንጆሪው ራስ ላይ ተጣብቆ ይላወሳል። ካፒቴኑ ብድግ ሲል ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ።

አልጣሽ ያን እንጆሪ እንዴት እንዳዘጋጀችው እሷ ታውቃለች። ከከተማው ዳር የምትኖረው ጌታነሽ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ከገደሉ አፋፍ ለቅማ በትንሽ እንቅብ፣ ከላይ በጎመን ቅጠል ሸፍና አምጥታላት ነበር። አልጣሽም እንደወትሮው አንድ ስኒ ጨው ሰፈረችላት። የአሞሌ ነጋዴ መንገዱን ከፈራ ወዲህ በሞላሌ ገበያ ጨው እንደ ማር ሆኖ ነበርና ጌታነሽ ገንዘብ ጠይቃ አታውቅም፤ ጨውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ዝም ብላ ትሄዳለች። አልጣሽ እንጆሪውን በመስኮቱ ብርሃን አንድ በአንድ ለቀመች፤ እሾህና ቅጠሉን አወጣች፣ የበሰበሰውን ጣለች፣ በቀዝቃዛ ውኃ አጠበች። ፍሬው በላዩ አንዳች ነገር አልነበረበትም፤ ወዙ ይብለጨለጫል። ካፒቴኑ እንዳዘዛት ሦስት ሰዓት ላይ በወይን ጠጅና በስኳር ዘፍዝፋ፣ ሳህን ደፍታበት፣ ከጥላ አኖረችው። የነቢያት ጾም ነውና አልቀመሰችውም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ክዳኑን ሳትከፍት አምጥታ ከእንግዳው ከኮሎኔሉ ፊት አስቀመጠችው። ክዳኑን ያነሣው ራሱ ካፒቴኑ ነበር። ከአገሩ ከወጣ በኋላ ይህን ፍሬ እዚህ ብርድ አገር ላይ አገኛለሁ ብሎ እንዳላሰበ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ እንደበላው ለኮሎኔሉ በኩራት ሲነግረው ነበር የቆየው።

ቤቱ የአንድ የሸሸ ባላባት ቤት ነው። ካፒቴኑ ግድግዳውን ኖራ አስቀብቶ፣ መስኮቱን መስተዋት አስገጥሞ፣ መደቡን አፍርሶ ጠረጴዛና ወንበር አስገባበት። አልጣሽ ወደዚህ ማዕድ ቤት የገባችው በእኅቷ ልጅ በፈለቀ ምክንያት ነው። እናቱ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ የራሷ ልጅ ስላልነበራት አንቀልባ የማያስፈልገውን ልጅ በአንቀልባ አዝላ ነው ያሳደገችው። ካደገ በኋላ አዲስ አበባ ወርዶ ሚሲዮን ቤት የጣሊያን ቋንቋ ተማረ፤ ጣሊያን አገር ሲይዝ ተመልሶ ለካፒቴኑ አስተርጓሚ ሆነ። ሰው በስውር ባንዳ ይለዋል። እሷ ግን፣ ሰውን ከመግረፍና ከመግደል ሰውን ማናገር ይሻላል እያለች ራሷን ታጽናናለች።

ካፒቴኑ ጮኸ፤ ፈለቀ ከጎን ካለው የጽሕፈት ክፍል እየሮጠ መጣ። ኮቱን ቆልፏል፤ ፀጉሩን በመሐል ከፍሎ አበጥሯል። ሳህኑን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ካፒቴኑ ማንኪያውን ሞላና ወደ አልጣሽ ዘረጋው።

"ብዪው ይልሻል፤" አለ ፈለቀ። "መርዝ ከሌለበት ብዪው ይልሻል።"

አልጣሽ ማንኪያውን አየች። ትሎቹ በጫፉ ላይ ይርመሰመሳሉ። ጾም ላይ ናት፤ ሰዓቱ ገና ነው፤ ትል ደግሞ ነፍስ ያለው፣ ሥጋ ነው። እጇ ወደ ኋላ ሄደ እንጂ ወደ ፊት አልመጣላትም። ኮሎኔሉ ይህን አየ። አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ለካፒቴኑ አንድ ነገር ተናገረ፤ ካፒቴኑም ማንኪያውን መልሶ ወረወረው። በዚያ ዓመት መርዝ የሚለው ቃል በጣሊያኖቹ ዘንድ እንደ ጥይት ነበር። ተሰቅሎ የዋለ ሰው ሁሉ ክሱ ረጅም እንዳልነበር አልጣሽ ታውቃለች።

"ጾም ላይ ነኝ በላቸው፤" አለች። "እኔ አንድ በአንድ ለቅሜ፣ አጥቤ ነው ያቀረብኩት። በላዩ ምንም አልነበረበትም። ትሉ የወጣው ከፍሬው ከውስጡ ነው። ማንም አላስገባበትም በላቸው።"

ፈለቀ ወደ ሁለቱ መኮንኖች ዞሮ ተናገረ። ረዘም ያለ ንግግር ነበር፤ እሷ ካለችው የረዘመ። አልጣሽ በዓመት ውስጥ ከማዕድ ቤት ጣልያንኛ ጥቂት ለቃቅማለች፤ ጨው፣ ውኃ፣ አምጪ፣ ሂጂ፣ ውስጥ፣ ውጭ። የሚለውን ሁሉ አትከተለውም። ነገር ግን በንግግሩ መካከል "ጌታነሽ" የሚል ሰማች። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ "ወዳጆ" የሚል ሰማች። የማንንም ስም አልጠራችም ነበር። ጆሮዋ ያሳሳታት መሰላት፤ ነገር ግን ካፒቴኑ ወረቀት አውጥቶ እነዚያኑ ስሞች እየደጋገመ መጻፍ ጀመረ።

"ምን አልካቸው?"

"ዝም በይ እቴቴ፤" አለ ሳያያት። "አንቺን ላወጣሽ ነው።"

ጌታነሽ የወዳጆ ሚስት ናት። ወዳጆን በነሐሴ ነበር የያዙት። በማግስቱ ሦስት ሰዎች ከየቤታቸው ተለቅመው ከገበያው በታች ተረሸኑ፤ በሣልስቱ ወዳጆ ራሱ ተሰቀለ። ካፒቴኑ በገበያ ቀን ሕዝቡን ሰብስቦ፣ ሦስቱን የጠቆመ ወዳጆ እንደሆነ አስነገረ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሞላሌ ጌታነሽን ከምንጭ የሚያስቀድማት፣ እሳት የሚያስጭራት፣ እንደምን አደርሽ የሚላት ሰው ጠፋ። ሦስት ሰው አስበልቶ የሞተ ሰው ሚስት ሆነች። አልጣሽ ራሷ ለሦስቱ ሟቾች ለቅሶ ስትደርስ በጌታነሽ ደጅ ሳትገባ አልፋ ነው የሄደችው። እንጆሪዋን መግዛት የጀመረችው ያ ነገር ውስጧን ስለቆረቆራት ይሆናል፤ ነገር ግን ጨው ስትሰፍርላት ዓይን ዓይኗን አይታት አታውቅም።

ብዙ አልቆየም፤ ሁለት አስካሪዎች፣ ጥቁሮቹ የጣሊያን ወታደሮች፣ ጌታነሽን እጇን በገመድ አስረው እየገፉ አስገቧት። ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ መንገድ ላይ ወድቃለች። በሳህኑ ያለውን ሲያሳዩዋት ዝም ብላ አየችው። ከዚያ አልጣሽን አየች።

"እትዬ አልጣሽ፣ ምን አጥፍቼ ነው?"

ኮሎኔሉ ሰዓቱን ተመለከተና በእጁ ጠርዝ አየሩን ቆረጥ አደረገ። ያን ምልክት አልጣሽ በነሐሴ አይታዋለች፤ ለማንም ማስተርጐም አያስፈልገውም። አስካሪው ገመዱን ሳብ ሲያደርገው ጌታነሽ ተንገዳገደች። አልጣሽ ነፃ ነች። ማንም አልያዛትም። ወደ ማዕድ ቤቷ ተመልሳ ሳህን ብታጥብ የሚከለክላት አልነበረም። ይህን ስታውቅ ነው ሰውነቷን ብርድ የወረራት።

"ኖ፤" አለች።

ሁሉም ዞሩባት። ከጣልያንኛ የምታውቀው ቃል ሁሉ ከራሷ የበረረ መሰላት። ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ ከሳህኑ አንድ እንጆሪ አነሣች፤ በሁለት አውራ ጣቶቿ ከፈለችው። ከእምብርቱ ነጭ ትል ተጠቅልሎ ወጣ። "ዴንትሮ፤" አለች። ውስጥ ማለት ነው፤ ካፒቴኑ ዕቃ ከቁም ሣጥን ውስጥ ክተቺ ሲላት ሁልጊዜ የሚላት ቃል ነው። "ዴንትሮ! ዴንትሮ!" ሌላ ከፈለች። ሌላ ከፈለች። ጣቶቿ ደም የነኩ መሰሉ።

ካፒቴኑ ሊያስወጣት እጁን ሲሰነዝር ኮሎኔሉ ከለከለው። ሽማግሌ ነው፤ ፂሙ ነጭ። በመስኮቱ ወደ ግቢው አጥር አመለከተ። እዚያም ከድንጋይ ካቡ ሥር የእንጆሪ ቁጥቋጦ ነበር፤ ዘበኞቹ ሲሰለቻቸው እየቀነጠሱ የሚበሉት። አልጣሽ የፈለገውን ሳይናገር ተረዳችው፤ የማንም እጅ ያልነካው ፍሬ ከውስጡ ትል ይኑረው አይኑረው ማየት ነው። እየሮጠች ማዕድ ቤት ገብታ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ ቀዳች፤ ሁለት እፍኝ ጨው በትና አማሰለችው። ጎመን ትል ሲበዛበት በጨው ውኃ ዘፍዝፋ ነው የምታራግፈው። እንጆሪንም እንዲሁ ማድረግ ሳይታሰባት መቅረቱ አሁን አንገበገባት፤ ፍሬው ሲያዩት ንጹሕ ነውና ማን ይጠረጥረዋል? ብርጭቆውን አምጥታ ከጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ራሷ ፍሬውን እንደማትነካ ለማሳየት እጇን ከኋላዋ አጣምራ ቆመች።

አንድ ነጭ ወታደር ከቁጥቋጦው በባርኔጣው ለቅሞ አመጣ። ኮሎኔሉ ራሱ አንድ በአንድ እያየ ብርጭቆው ውስጥ ጨመራቸው። ከዚያ ተቀመጡ። ጌታነሽ ከግድግዳው ሥር ተንበርክካለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ፈለቀ በሩን ተደግፎ ጫማውን ያያል። አልጣሽ ዓይኗን ከብርጭቆው አልነቀለችም። ውኃው ጥቂት ቀላ። ምንም የለም። አንዱ ፍሬ ተገልብጦ ወደ ላይ መጣ፤ ምንም የለም። ምናልባት የዚህ ቁጥቋጦ ፍሬ ንጹሕ ይሆናል፤ ምናልባት የጥላ ነውና ትሉን የሚጥለው ዝንብ አልደረሰበትም ይሆናል። እመቤቴ፣ ትል ስጪኝ አለች በልቧ። እንዲህ ያለ ጸሎት በዕድሜዋ ጸልያ አታውቅም። ካፒቴኑ ሲጋራውን ጨርሶ ሁለተኛውን ለኮሰ። ሁለተኛውንም ሊጨርስ ሲል ከአንዱ ፍሬ ወገብ ላይ ክር የመሰለ ነገር ብቅ አለ። ተመዘዘ፣ ተመዘዘና ወደቀ። ከዚያ ከሌላው። ከዚያ በአንድ ጊዜ ከሦስቱ። የብርጭቆው ውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ሳይኖር መንቀሳቀስ ጀመረ።

ኮሎኔሉ አፉን በመሐረብ ያዘ። ካፒቴኑ ሁለት ሳምንት ማታ ማታ በደብዛዛ ፋኖስ የበላው ሁሉ ያን ጊዜ ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ ወደ ደጅ ሮጠ፤ በረንዳው ላይ ሲያስመልሰው ሁሉም ሰማ።

የጌታነሽን ገመድ ፈቱላት። ኮሎኔሉ ጣቱን ወደ ፈለቀ ቀስሮ ቆጣ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀው። ፈለቀ ግን ፈገግ ብሎ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ወደ እሷ እየጠቆመ ለዘብ ባለ አንደበት አስረዳ፤ ሴትዮዋ ደንግጣ የተናገረችው ነው፣ አሁን ደግሞ ሐሳቧን ለወጠች፣ ሳይል አልቀረም። ኮሎኔሉ እጁን አወናጨፈና ባርኔጣውን አደረገ። አበቃ። ማንም ፈለቀን አልነካውም፤ ያስፈልጋቸዋልና። ካፒቴኑ ከበረንዳው ሲመለስ ፊቱን ጠርጎ ለአልጣሽ በሩን አሳያት፤ ከእንግዲህ እንዳትመጣ ማለቱ ነበር። ጌታነሽ ነጠላዋን አነሣች፣ የአልጣሽን ትከሻ በእጇ ጫፍ ነካ አድርጋ "እግዜር ይስጥልኝ" አለችና ወጣች። ፈለቀን አላየችውም። ስሟን የጠራ እሱ መሆኑን አታውቅም።

አልጣሽ ቤቷ ገብታ ከመደቡ ላይ ተቀመጠች። ቤቱ የድንጋይ ነው፤ መስኮት የለውም፤ ብርሃን በበሩ ብቻ ይገባል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ፈለቀ መጣ። ኮቱን አውልቆ ሰቀለ፤ ውኃ ጠጣ፤ ከእሷ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እንደሌላው ቀን ስለ ሥራው አላወራም፤ እሷም እንደሌላው ቀን እንጀራ አላቀረበችም። እንዲህ ተፋጠው ቆዩ። በዚህ ቤት ብዙ ዝምታ አልፏል፤ እናቱ የሞተች ዕለት፣ አዲስ አበባ የሄደ ዕለት። ያኛው ዝምታ ሁለቱን አንድ ላይ ያቆማቸው ነበር። የዛሬው ግን ሦስተኛ ሰው ገብቶ መሐላቸው የተቀመጠ ይመስል ነበር።

"ወዳጆ ምን ብሎ ነበር?" አለችው።

"የቱ ወዳጆ?"

ከተቀመጠችበት ወደ እሱ ቀረብ አለች።

"ያለፈ ነገር ነው፣ እቴቴ።"

"ዛሬ ሰምቼሃለሁ። እኔ ያላልኩትን ስትልልኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱስ ምን ብሎ ነበር?"

ፈለቀ እጆቹን በጉልበቶቹ መሐል ከተተ። ሲናገር ድምፁ ያደገ ሰው ድምፅ አልመስል አላት። "ካፒቴኑ ሦስቱን ስም ከወረቀት አነበበለት። ከሽፍቶቹ ጋር ናቸው ወይ ብለህ ጠይቀው አለኝ። ጠየቅሁት። 'እኔ አራሽ ነኝ፤ ማን የት እንደሚያድር አላውቅም፤ ካላመናችሁኝ ሚስቴን ጥሯትና ጠይቋት፤ ጌታነሽ ሐሰት ተናግራ አታውቅም' አለ።"

"አንተስ?"

"'አዎን፣ ናቸው ይላል' አልኩ።" ቀና ብሎ አያት። "ከእኔ በፊት የነበረው አስተርጓሚ አላውቅም የሚል መልስ ሲያመጣላቸው አንተም የሽፍቶቹ ወዳጅ ነህ ብለው ወሰዱት። እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ካፒቴኑ ስሞቹን አስቀድሞ ጽፏቸው ነበር። አይደሉም ብልም ይገድላቸው ነበር። እኔን ግን ጨምሮ ነበር የሚገድለኝ።"

ያን ዕለት ማታ ከሥራ ሲመጣ እግሩን ያጠበችው አልጣሽ ናት። ደክሞታል ብላ ጠላ ቀድታለታለች። ለሦስቱ ለቅሶ ስትወጣ፣ እሱ ከዚህ ከተቀመጠበት ቦታ ሆኖ፣ ነጠላዋን አቀብሏታል። በጌታነሽ ደጅ ፊቷን አዙራ ስታልፍ እሱ እውነቱን ያውቅ ነበር። ተነሣች፤ ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ልነግራት።"

"ያርዱኛል!" ብሎ ብድግ አለ። "የሦስቱ ወንድሞች ጫካ ናቸው። ዛሬ ብትናገሪ ነገ ይሰማሉ። አንቺ አይደለሽም ወይ ያሳደግሽኝ?"

"እኔ ነኝ፤" አለች። ከበሩ ስትደርስ ሳትዞር፣ "ቤቷ እስክደርስ ጊዜ አለህ። ሂድ፤" አለችው። የእግሩን ኮቴ ጠበቀች። አልተንቀሳቀሰም። እሷ ግን ወጣች።

የጌታነሽ ቤት ከከተማው ዳር ነው፤ ከደጃፏ በታች የጎረቤቶቿ አውድማ ይታያል። የገብስ ወቅት ነበርና በሬዎቹ አሁንም ይዞራሉ፤ አምስት ስድስት ሰው መንሽ ይዞ ጭዱን ወደ ነፋሱ ይበትናል። ፀሐይዋ ልትገባ ነው። ጌታነሽ በሩ ላይ ቆማ በገመድ የተላጠ እጇን በቅቤ ታሽ ነበር። አልጣሽን ስታይ ግራ ገባት፤ ከነሐሴ ወዲህ ይህን ደጅ የረገጠ ሰው የለማ።

አልጣሽ ሳትቀመጥ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሁሉንም ነገረቻት። የፈለቀንም ስም አልሸሸገችም። ጌታነሽ እስከ መጨረሻው አላቋረጠቻትም። ሲያበቃ የበሩን መቃን ያዘች።

"ቃሉን እንደተናገረው ይድገሙልኝ፣ እትዬ።"

"'ሚስቴን ጥሯትና ጠይቋት፤ ጌታነሽ ሐሰት ተናግራ አታውቅም' አለ።"

"ጥሯት አለ?"

"ጥሯት አለ።"

"እዚሁ ነበርኩ፤" አለች ጌታነሽ። "እዚሁ ቤቴ ነበርኩ። ማንም አልጠራኝም።" ዓይኗ ደረቅ ነው። ወደ አውድማው አየች፤ ሰዎቹም እንደወትሯቸው ወደ እሷ አያዩም። ከዚያ እጇን ከመቃኑ አነሣች። "እትዬ አልጣሽ፣ ጮክ ብለው ይናገሩልኝ። እነዚያም ይስሙ።"

አልጣሽ በመጣችበት መንገድ ዞር ብላ አየች። ባዶ ነው፤ ፈለቀ ይሂድ ይቆይ አላወቀችም። ወደ አውድማው ዞረች፤ ሁለት እርምጃ ወረደች።

"ስሙኝ!" ብላ ጮኸች። "ወዳጆ ማንንም አልጠቆመም! ሦስቱን ያስበላ ወዳጆ አይደለም!"

መንሾቹ ቆሙ። የበሬዎቹ ነጂ ጅራፉን ዝቅ አደረገ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ጭዱን ከፊታቸው እያራገፉ ወደ ፊት ወጡ።

"ታዲያ ማነው?" አሉ።

"ልጄ ነው፤" አለች አልጣሽ።